ጋሽ ይቅርብህና የተቀደደው ቅጽ

በኢንሹራንሱ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ ሦስተኛው መስኮት ላይ የሚቀመጠውን ሰው ሹፌሮች እናት አባቱ ባወጡለት ስም አያውቁትም ነበር። ለእነሱ ጋሽ ይቅርብህ ነው። ስሙን ያተረፈው በገዛ አፉ ነው። መኪናውን ያጋጨ ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ሲመጣ፣ ጋሽ ይቅርብህ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይሰቅልና "እስቲ መጀመሪያ አረፍ በል። ካሳ ሳትጠይቅ ስንት ዓመት ሆነህ?" ይለዋል። ሰውየው አራት ወይም አምስት ይላል። ቀጥሎ ምን እንደተጎዳ ይጠይቀዋል፤ መብራት ነው፣ ፓራፋንጎ ነው፣ የተጫረ በር ነው። ሰምቶ ሲያበቃ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ያጋድምና ያቺኑ ቃሉን ይናገራል። "ይቅርብህ!"

ነገሩ ከባድ አይደለም፤ የተናደደ ሹፌር ነው አልገባው የሚለው። ካሳ ሳይጠይቅ ዓመቱን የጨረሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚከፍለው አረቦን ይቀነስለታል። በሁለተኛው ዓመት ቅናሹ ከፍ ይላል፣ በሦስተኛውም እንዲሁ፤ እያለ እያለ ግማሽ ገደማ ይደርሳል። አንድ ቀን ለአንዲት መብራት ብሎ የካሳ ቅጽ ያስገባ እንደሆነ ግን የእነዚያ ዓመታት ቅናሽ ድራሹ ይጠፋል፤ ከመጀመሪያው እርከን እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው። በዚያ ላይ ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ድርሻ የሚችለው ባለመኪናው ራሱ ነው። ስለዚህ ትንሽ ጉዳት ይዞ መምጣት ጉዳት ላይ ጉዳት መጨመር ነው። ጋሽ ይቅርብህ ይህንን ለመጣ ለሄደው ሳይሰለች ያስረዳል። ለሰው የሚያዝን አንጀት ነበረው፤ ደግሞ መመስገን ይወድ ነበር፤ ሁለቱን መለየት የሚችል ሰው ካለ ይምጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተመረቀ ኖረ።

እምቢ ብሎ ካሳውን የሚጠይቅ ሰው አደጋው በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። የመንጃ ፈቃዱንና የሊብሬውን ኮፒ ያያይዛል፤ ሰው ከተጎዳ የፖሊስ ሪፖርት ይጨመራል። ሹፌሮቹን ላብ የሚያጠምቃቸው ግን የቅጹ ሁለተኛ ገጽ ነው። እዚያ ላይ የሆነውን ነገር በእጃቸው ጽሕፈት ይጽፉና ከሥር ባለው ባዶ ሳጥን ውስጥ መንገዱንና መኪናውን ይስላሉ። አንዱ የሚስለው መኪና ሳሙና ይመስላል፣ የሌላው ጫማ። ጥፋቱ የእሱ የሆነ ሰው የራሱን መኪና ያሳንስና የሌላውን መኪና አውቶቡስ ያሳክለዋል። ጋሽ ይቅርብህ ሥዕሉን አይቶ ብቻ ማን እንደገጨ ይነግርሃል።

ቅጹ ሲገባ መርማሪው ይላካል። መርማሪው ቀጭን፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። አንድ ልማድ አለው፤ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ የወጣ መኪና ካጋጠመው፣ ጉዳቱ ላይ ላዩን ብቻ ቢመስልም፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥር ሳይገባ አይመለስም። ሹፌሮቹ "ዛሬም ሊተኛ መጣ" እያሉ ይስቁበታል። እሱ ግን ሳቃቸውን ከጉዳይ ሳይቆጥር ይገባል፣ የመሪውን ዘንግ በመዳፉ ይዳብሳል፣ አቧራውን አራግፎ ይወጣል። ቅጽ ካልገባ ግን መርማሪ የለም።

የዳቦ ሹፌሩ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ነጭ ቫን አለው፤ ከዳቦ ቤት እየጫነ ለሱቆች ያከፋፍላል። ሰባት ዓመት ካሳ ጠይቆ አያውቅም፤ የመጨረሻው የቅናሽ እርከን ላይ ሊወጣ አንድ ዓመት ነው የቀረው። ከትናንት በስቲያ ውሻ ገብቶበት፣ እሱን አድናለሁ ሲል ጠርዙ ላይ ወጥቷል። የቀኙ ፓራፋንጎ ገብቷል፣ መብራቱም ተሰብሯል። ቅጹን ቤቱ ሞልቶ ነው ይዞ የመጣው። በሳጥኑ ውስጥ ውሻውን ሳይቀር ስሎታል፣ ከነጅራቱ።

"ውሻውን አሳምረኸዋል" አለው ጋሽ ይቅርብህ።

"እሱ ምን ሆነ ብለው ነው ጋሼ! ዞሮ እንኳን አላየኝም።"

"ስንት ዓመትህ ነው?"

"ሰባት።"

"ሰባት! ለዚህች ለመብራት ሰባት ዓመት ልትቀብር? ይቅርብህ!"

ሹፌሩ አንገቱን አከከ። "ባለቤቴም ሂድና እሳቸውን አማክር ነው ያለችኝ። ግን ጋሼ፣ መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ይስባል።"

"ጎማህ ንፋስ ጎድሎት ነው። አስሞላው።"

"እሱስ ይሆናል" አለ ሹፌሩ።

ከኋላው ስድስት ሰው ተሰልፎ ነበር። ጋሽ ይቅርብህ ቅጹን ከእጁ ተቀብሎ አንዴ፣ ከዚያም ደርቦ ቀደደውና ከእግሩ ሥር ወዳለው ቅርጫት ጣለው። ሁለቱም ሳቁ። ሹፌሩ ወጥቶ ከቫኑ ሁለት ትኩስ ዳቦ አመጣና በመስኮቱ አሾልኮ ሰጠው። ጋሽ ይቅርብህም አላሳደረውም።

ከዚያ በአስራ አንደኛው ቀን፣ ቁልቁለቱ ላይ ባለው ኩርባ፣ ቫኑ አልታጠፍ አለ። በስተቀኝ ካለው የድንጋይ ግንብ ጋር ተላተመ። ሹፌሩ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ጋሽ ይቅርብህ የሰማው ከሰልፉ ነው። ሹፌሮቹ ሲያወሩ "የዳቦው ልጅ" ሲሉ ቃሉ ጆሮው ጥልቅ አለ። መጀመሪያ ሌላ የዳቦ ሹፌር ይሆናል ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ከተማው ስንት የዳቦ መኪና አለው! ከሦስት ቀን በኋላ ግን መርማሪው ከጋራዥ መጥቶ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

"መሪውን ከቀኝ ጎማ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ተበጥሷል" አለ መርማሪው። "ግማሹ ስንጥቅ አዲስ ነው፣ ግማሹ ውስጥ ግን ዝገት አለ። ከዚህ አደጋ በፊት አንድ ነገር ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ፋይሉ ላይ ምንም አላየሁም። አንተ ዘንድ መጥቶ ነበር?"

"አልመጣም" አለ ጋሽ ይቅርብህ።

ቃሉ ሳያስበው ነው ያመለጠው። መርማሪው እሺ ብሎ ጻፈና ሄደ። ጋሽ ይቅርብህ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰዶ ቅርጫቱን ዳበሰ፤ ባዶ ነበር። ጽዳቷ በየማታው ነው የምትደፋው። እሱም ይህንን ያውቃል፤ ግን ዳበሰ።

"አልመጣም" ማለት ምን እንደሚያስከትል ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። መኪናው ጉዳት ደርሶበት ሳያሳውቅ የነዳ ሰው በዚያው ጉዳት ምክንያት ሌላ አደጋ ቢደርስበት መሥሪያ ቤቱ አይከፍልም። ለመኪናውም፣ ለሹፌሩ ሕይወትም። ሰውየው በጊዜው መጥቶ ማመልከቱን የሚያስረዳ ወረቀት ካለ ነገሩ ይለወጣል፤ ወረቀቱን ደግሞ የቀደደው እሱ ነው። እንግዲህ የሟች ሚስት ካሳዋን የምታገኘው ጋሽ ይቅርብህ አፉን ከከፈተ ብቻ ነው። አፉን ከከፈተ ደግሞ ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው ከመስኮቱ ይነሳል፤ ሰውም ሁሉ የዳቦ ሹፌሩን ማን እንደመከረው ያውቃል። ፈራ። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም፤ ፈራ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የጀመረው። መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ሥራ ላይ ተቀምጦ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አዳራሹ በሰው ተሞልቶ እያለ፣ ከቀኝ ትከሻው ጀርባ አንድ ሰው ቀስ ብሎ "ጋሼ፣ መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ይስባል" ይለዋል። ቅሬታ የለበትም። ሹፌሩ ያን ጠዋት እንዳለው፣ እንደዚያው፣ ሰው እንዳያስቸግር የፈራ ድምፅ ነው። ጋሽ ይቅርብህ ዞር ይላል። ከጀርባው ግድግዳና የዓመቱ መቁጠሪያ ብቻ ነው ያለው። መስኮቱ ፊት የቆመው ሹፌር ግራ ገብቶት "ምን ሆኑ ጋሼ?" ይለዋል።

ቀጥሎ ሥዕሎቹ መጡ። ሹፌሮች በሚያስገቡት ቅጽ ላይ ሳሙናውም ጫማውም ቀርቶ ሁሉም መኪና ቫን ይመስለው ጀመር። አንድ ቀን ከአንዲት የቤት መኪና ሥዕል አጠገብ ጭረት አይቶ "ይኼ ውሻ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ባለመኪናዋ "ኧረ ጋሼ፣ የመብራት እንጨት ነው!" ብላ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

ሚስቱ ሌላ ነገር ነው ያስተዋለችው። በመጀመሪያ ዳቦ ተወ። ቁርስ ላይ ስታቀርብለት ሳህኑን በጣቱ ገፋ ያደርጋል።

"ዳቦ ደግሞ ምን በደለህ?" አለችው።

"ጨጓራዬን ነው።"

"ጨጓራህ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲፈጭ አልነበር እንዴ?"

እሁድ እሁድ አብረው በእግር መሄድ ይወዳሉ። አሁን መንገድ ላይ ሆነው ያለ ልማዱ ይጋፋት ጀመር። በቀኙ ስለምትሄድ ቀስ በቀስ ከአጥሩ ጋር ያጣብቃታል። "ኧረ ምነው ገፋኸኝ! መንገዱ ጠበበህ?" ትለዋለች። ይቅርታ ብሎ ወደ መሀል ይመለሳል። አሥር እርምጃ ሳይሄድ ትከሻው እንደገና እሷን ያገኛታል። ቆም ብሎ እግሩን አየ፤ እግሩ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። ሚስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ጆሮውን በመብራት አየ፣ ደም ግፊቱን ለካ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲራመድ አዘዘው። ጋሽ ይቅርብህ ዓይኑን ጨፍኖ ሄደና በስተቀኝ ካለው የመድኃኒት ቁም ሣጥን ጋር ተጋጨ። ሐኪሙ ቫይታሚን ጻፈለት።

የሟች ሚስት የመጣችው በአራተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ጥቁር ለብሳለች፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። መሞቱን ያኔውኑ በስልክ አሳውቃ ስለነበር አምስቱ ቀን አላለፈባትም፤ አሁን የቀራት ቅጹን መሙላት ብቻ ነው። ጋሽ ይቅርብህ ማንነቷን ያወቀው የፋይሉን ቁጥር ስትነግረው ነው። ሰልፍ ይዛ እንዳትቆም ብሎ በጎን በር አስገባትና አጠገቡ ወንበር ሰጣት። መስኮቱ ላይ "ተዘግቷል" የሚለውን ካርቶን አቆመ።

"እርስዎ ነዎት አይደል ጋሽ ይቅርብህ?" አለችው።

"ይሉኛል።"

"ያን ዕለት ከእርስዎ ዘንድ ሲመጣ እንዴት ደስ ብሎት ነበር መሰለዎት! ሰባት ዓመቴን አተረፉልኝ እያለ ሲመርቅዎ ነው የዋለው።"

ጋሽ ይቅርብህ ባዶ ቅጽ አውጥቶ ከፊቷ አደረገላት። እሷም ዘርግታ መሙላት ጀመረች። ጽሕፈቷ ክብ ክብ ነው። መሀል ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አነሣች።

"እዚህች ጋ፣ መኪናው ከዚህ በፊት ጉዳት ደርሶበት ያውቃል ወይ ይላል። ምን ብዬ ልጻፍ? እሱ ነግሮዎታል እኮ። መዝግበውት ይሆናል ብዬ ነው።"

አምና ቢሆን ይህንን ጥያቄ በአንድ ቃል ይመልሰው ነበር። "አያውቅም ብለሽ ጻፊ" ቢላት ትጽፋለች። የመርማሪው ሪፖርት ይመጣል፣ ውሸት ጽፈሻል ትባላለች፣ ባዶ እጇን ትሄዳለች፤ እሱ መስኮቱ ላይ ይቀራል። ዓይኗን አየ። እያመነችው ነው። ይህን ጊዜ ራሱን እዚያው ወንበሩ ላይ ተጠየፈው።

"አልመዘገብኩትም" አላት። "ቅጹን ሞልቶ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ የቀደድኩት። ቅጹ ገብቶ ቢሆን ኖሮ መርማሪው በማግስቱ መኪናው ሥር ይተኛ ነበር። ጠርዝ ላይ የወጣ መኪና አያልፍም። ዘንጉ ያኔ ነው የተሰነጠቀው። ስንጥቁን ያገኘው ነበር።"

በአዳራሹ ውስጥ ሰው ይስቃል፣ ማኅተም ይመታል።

"መርማሪው ሲጠይቀኝ ደግሞ አልመጣም ብዬ ዋሸሁ" አለ ጋሽ ይቅርብህ። ወረቀት ከመሳቢያ አወጣና በገዛ እጁ ጽሕፈት መጻፍ ጀመረ። የዳቦ ሹፌሩ አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሦስተኛው መስኮት ማመልከቱን፤ ቅጹን ሠራተኛው ተቀብሎ መቅደዱን፤ ሠራተኛው ለመርማሪው የሰጠው ቃል ሐሰት መሆኑን ጻፈ። ስሙን ጻፈ። ያንን ማንም የማይጠራውን፣ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም። ፈርሞ ከቅጿ ጋር አያያዘው።

መጨረሻው እንዳያስጨንቃችሁ ከወዲሁ ልንገራችሁና ልገላገል። ካሳው ተከፍሏል። ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መንገር ለመሥሪያ ቤቱ መንገር ነው ተብሎ ተወሰነ። እሱም ከመስኮቱ ተነሥቶ ፋይል ወደሚደረደርበት ክፍል ተዛወረ፤ ደረጃውም ዝቅ አለ። ሹፌሮቹ አሁንም ይጠይቁታል፣ መልስ አይሰጣቸውም። ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው። ያን ረፋድ ሴትየዋ ገና አልተነሣችም ነበር።

የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታው ደስ ባለው።

"ሌላስ?" አለች።

"ሌላ ምን?"

"ሌላ ምን አለዎት? ያን ቀን። የተናገረውን ሁሉ ይንገሩኝ። ለኔ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።"

ጋሽ ይቅርብህ ወረቀቱን አየ። አንድ ነገር ትቷል። አውቆ ነው የተወው። ሹፌሩ መሪው እንደሚስብ እያወቀ መንዳቱ ቢጻፍ መሥሪያ ቤቱ ያቺን ይዞ ካሳውን ይከለክላት ይሆናል ብሎ ነው። እንደዚያ ነው ለራሱ ያለው። ሰውየው ሲነግረው ሰምቶ ንፋስ አስሞላ ማለቱን ሌላ ሰው እንዳያነብበው ብሎም ሊሆን ይችላል። የቱ እንደሚያመዝን ዛሬም አልለየለትም።

"ስለ ውሻው ቀለደ" አላት። "ዞሮ እንኳን አላየኝም አለ። ከዚያ..." እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። "ከዚያ መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ይስባል አለኝ። እኔም የጎማ ንፋስ ነው አልኩት።"

ሴትየዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እጇን ስታወርድ ዓይኗ ደርቋል።

"ለኔም ብሎኝ ነበር" አለች። "አንዴ አይደለም። የሞተ ዕለት ጠዋት ጋራዥ ልግባ አለኝ። ሱቆቹ ይጠብቁሃል፣ ነገ ታሳየዋለህ አልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቱ እንኳን አልተናገርኩም።"

ጋሽ ይቅርብህ እስክሪብቶውን አነሣ። ምን ሊያደርግበት እንደነበር እሱም አያውቅም። ሴትየዋ እጁን ያዘችው።

"አይጻፉት" አለች።

ቅጹን ወደ ራሷ ስባ ፈረመች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገችና በጎን በር ልትወጣ ስትል ቆመች። ዞራ ሳታየው ነበር የጠየቀችው።

"ያ ቃል ለእርስዎም በእሱ ድምፅ ነው የሚሰማዎት?"

ለሚስቱም፣ ለሐኪሙም ያልተናገረው ነገር ነው።

"አዎ" አላት። "ከቀኝ በኩል።"

"ለኔም ከቀኝ በኩል ነው" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።